«ፕላስቲክ» ስድብ አይደለም

በዘመናችን ሐሰተኛነትን ለመንቀፍ ብዕሩን ያነሣ ጸሐፊ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንዲት ቃል ላይ ይወድቃል። ከልብ ያልመጣ ፈገግታ «የፕላስቲክ ፈገግታ» ይባላል፤ ከአንገት በላይ የሆነ ፍቅር «የፕላስቲክ ፍቅር» ይባላል፤ ሥር የሌለው ጥበብ ደግሞ «የፕላስቲክ አበባ» ተብሎ ይሰደባል። ቃሏ ከመደጋገሟ የተነሣ «ለመሆኑ ይህ ዕቃ ማንን ዋሸ? መቼስ ዋሸ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል። እነሆ እኔ ልጠይቅ ነው። ምስክር አድርጌ የማቀርበው ከመራዊ ተነሥቶ በዱርቤቴና በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ እስከ ፍኖተ ሰላም በሚዘልቀው መንገድ ላይ ዛሬም ጤፍና በቆሎ፣ ማዳበሪያና ሰው ጭኖ የሚመላለሰውን የአሮጌውን ፒክአፕ ጋቢና ነው።

የክርክሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ልናገር። በዚያ ጋቢና ውስጥ ያለው ፕላስቲክ በመኪናው ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ እውነተኛው ነው፤ ውሸቱ የሚጀምረው በላዩ ላይ ማብለጭለጫ ሲለቀለቅበት ነው። ፕላስቲክን ወደ ራሱ መልክና ቀለም የሚመልስ ሰው የእጅ ጥበብ ባለቤት ነው፤ የሚለቀልቀው ግን አታላይ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እነዚህን ሁለት ሰዎች ለይተን ባለማየታችን በቃላችንም በገበያችንም የሚጎዳ ሰው አለ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። «ፕላስቲክ» ከግሪክ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «ሊቀረጽ የሚችል» ማለት ነው። ከዚያው ሥር የወጣ ቃል በአውሮፓ ቋንቋዎች የቅርጻ ቅርጽ ጥበብ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጣጥፎች መድበል ውስጥ ፕላስቲክን ራሱን የቻለ ርእስ አድርጎ ጽፎበታል፤ ያስደነቀውም ሁሉንም ነገር መሆን የሚችል ዕቃ መሆኑ ነበር። የእኛ ጸሐፍት ግን ከዚያ ሁሉ «አርቴፊሻል» የምትለውን ትርጉም ብቻ መዝዘው ቀሩ።

በሜጫ ገጠር ፕላስቲክ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው። የጎጃም ገበሬ በጭቃና በድንጋይ ላይ ዘመኑን የተራመደው በኮንጎ ጫማ ነው፤ ኮንጎ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። እንስራን በግጥሙ ያላነሣ፣ ከወንዝ የምትመለሰውን ኮረዳ ከነእንስራዋ ያላደነቀ ገጣሚ ጥቂት ነው፤ የእንስራን ክብደት በጀርባዋ የተሸከመችው ሴት ግን ጀሪካን ሲመጣ እንስራውን አስቀምጣ ጀሪካኑን አነሣች። ጀሪካን አይሰበርም፤ ባዶውን ደግሞ ከሸክላ እጅግ ይቀላል። ለእርሷ ፕላስቲክ ስድብ አልነበረም፤ የወገብ ዕረፍት ነበር። ስለዚህ አንድን ቁስ «ሐሰተኛ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት አብሮት የሚውለውን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔም ወደ ጋቢናው የምገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቶዮታ ሃይሉክስ አራተኛ ትውልድ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የተተካው አምስተኛው፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርና ከእርሱ የተወለደው ፒክአፕ፣ ሁሉም ውስጣቸው ሲታይ ዝርዝሩ ብዙ አይደለም። ዳሽቦርድ አለ፤ የበር ሽፋን አለ፤ የመሪውን ዘንግ የሚሸፍን ቅርፊት አለ፤ የእጅ መደገፊያ፣ የመስታወት ማዞሪያ፣ የአመድ መጣያ፣ የጣሪያ ጠርዝ አለ። ከፋብሪካ ሲወጡ ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ነበሩ። ዛሬ ብታዩአቸው የዳሽቦርዱ ራስ አመድ መስሏል፤ የበሩ ጠርዝ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ ሹፌሩ ክርኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ለስልሶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሆኗል።

ይህ እንዴት ሆነ? መራዊ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ኀይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ በመሆኗም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በቀትር ቀጥ ብላ በአናቷ ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል፤ የሚያዝያውን ግን የሚጋርድ የለም። መስታወቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዳሽቦርዱ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ሠላሳና አርባ ዓመት እንዲህ ያለ ሚያዝያ የተፈራረቀበት ዕቃ መልኩ ባይለወጥ ነበር የሚገርመው።

ለውጡ የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙዎቹ ጠንካራ ክፍሎች ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ በውስጡ ጎማ መሰል ጥንካሬ የሚሰጠው ቢዩታዳይን የተባለው ክፍል ለብርሃንና ለአየር ቀድሞ እጁን ይሰጣል፤ ገጹ ቢጫ የሚሆነውና የሚሰባበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ፖሊፕሮፒሊን የሆኑት ደግሞ ገጻቸው እንደ ኖራ ይቦንናል። የዳሽቦርዱ ለስላሳ ሽፋን ፒቪሲ ሲሆን ለስላሳ ያደረገው የተጨመረበት ኬሚካል ነው፤ ያ ኬሚካል በሙቀት እየተነነ ወጥቶ በፊት መስታወቱ ላይ እንደ ስስ ስብ ይጋገራል፤ ሽፋኑም ደርቆ ይሰነጠቃል። ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ የሚጠርገው ያ ጭጋግ አቧራ ብቻ አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ የወጣ ዕድሜ አለበት።

እንግዲህ ልብ በሉ። የመኪናው ብረት ዝጎ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተቀብቶ፣ ዳግመኛ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩ ግን ፀሐይ የነካውን ያህል ነጥቷል፤ ክርን ያረፈበትን ያህል ልጓል። የአመድ መጣያውን ነቅላችሁ ከበስተ ኋላው ብታዩ ብርሃን ያልደረሰበት ሥፍራ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም እንደ ያዘ ታገኙታላችሁ። ፊቱ የኖረውን ዕድሜ ይናገራል፤ ጀርባው የተወለደበትን መልክ ይጠብቃል። ይህን የመሰለ ታማኝ መዝገብ «ሐሰተኛ» ብሎ መጥራት ከቶ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ውሸታሙ ልምጣ። ውሸታሙ የሚመጣው በመሸጫው ዋዜማ ነው። የነጣው ዳሽቦርድ ሳይታጠብ፣ ሳይፈታ፣ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ጥቁር አንጸባራቂ ቀለም በጣሳ ይነፋበታል። ቀለም ያጣ ሰው ደግሞ የጫማ ቀለም ይቀባል፤ ናፍጣ የሚያሸውም አለ። ሻል ያለው ሲሊኮን ያለበት ማብለጭለጫ ገዝቶ ይለቀልቃል። ዳሽቦርዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ቁራ ላባ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ባሕር ዛፍ ሸጦ ወይም ከወንድሞቹ ጋር አዋጥቶ ገንዘብ ይዞ የመጣው ገዢ ወደ ጋቢናው አንገቱን ያስገባል። ደላላው «አባባ፣ እጅ ያልነካው ነው፤ ውስጡን ይዩት እንጂ!» ይላል። ሰውዬው ያያል፤ ያምናል። ዐይኑ ያየው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የከፈለው ግን የዓመታት ጥሪት ነው።

እንዲህ ዐይነቱን ውሸት ለማወቅ የሚያስፈልገው ማንበብ ነው፤ ማንበብ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው ብለን የምንኰራበት ነገር ነው። ዳሽቦርዱ እንደ ከሰል ጠቁሮ የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ከታየ፣ ሁለቱ ምስክሮች አይስማሙም። የበሩ ሽፋን አዲስ መስሎ የማርሹ እጀታ ቁጥሮቹ ከጠፉ አሁንም አይስማሙም። ቀለሙ ከጠርዙ አልፎ የብሎኑን ራስና የመስታወቱን ላስቲክ ከነካ፣ የቀባው ሰው ዕቃውን እንዳልፈታ ራሱ መስክሯል። አሮጌ መጽሐፍ ሲሸጥልን ገጽ ጎድሎ እንደ ሆነ የምናገላብጥ ሰዎች ጋቢናን ገልጦ ማንበብን ለምን እንንቃለን?

ጉዳቱ በኪስ ብቻ አይቀርም። የመኪና ሠሪዎች የዳሽቦርድን ራስ ደብዛዛና ሸካራ አድርገው የሚሠሩት ውበት ስለማያውቁ አይደለም። የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ በፀሐይ ጊዜ ምስሉን በፊት መስታወቱ ላይ ይጥላል፤ ሹፌሩም በመንገዱና በራሱ መካከል የቆመ ነጭ ጥላ እያየ ይነዳል። ከቀትር በኋላ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ ያለች በግ፣ የጋሪ ፈረስ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ከዚያ ነጸብራቅ በስተ ጀርባ ሊሰወሩ ይችላሉ። «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» ይላል ተረቱ፤ እዚህ ላይ ግን መዘዙ የሚያርፈው እዩኝ ባለው ላይ ሳይሆን ምንም በማያውቀው እግረኛ ላይ ነው።

እንግዲህ እውነተኛው እድሳት እንዴት ነው? ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ሥራው ክብር የሚያገኘው ሲታወቅ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ባለሙያው በመጀመሪያ ዕቃውን ይፈታል። አሮጌ ፕላስቲክ ሲበርድ ይሰበራልና በፀሐይ ለብ ሲል ጠብቆ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ያላቅቃል፤ ብሎኖቹንም ከየት እንዳወጣቸው ለይቶ ያስቀምጣል። ከዚያ ጀርባውን ያያል። ጀርባው ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛው የቀድሞው ቀለም ነው። ሁለተኛው የፕላስቲኩ ዐይነት ነው፤ በአንዳንዱ ላይ ስሙ በፊደል ታትሞ ይገኛል። ፊደል ከሌለው ከተሰበረ ጠርዝ ቅንጣት ወስዶ ውኃ ውስጥ ይጥላል፤ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰጥማል። ይህን ሳይለዩ ቀለም ማንሣት የበሽታውን ስም ሳያውቁ መድኀኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ቀጥሎ ማጠብ ነው፤ የሥራው እኩሌታ ይህ ነው። ለብ ባለ ውኃ፣ በላርጎና በለስላሳ ብሩሽ ደጋግሞ ያጥባል። ከዚያ በአልኮል ይጠርጋል። ለዓመታት የተለቀለቀው ሲሊኮን ካልወጣ አዲሱ ቀለም እንደ ዓሣ ዐይን ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻልና፣ ውኃ ሲያፈስበት ጠብታ መሥራቱን ትቶ እንደ ስስ ሻሽ እስኪዘረጋ ድረስ ማጠቡን አያቆምም። እዚህ ላይ የአንጸባራቂው ሰው ኀጢአት እጥፍ መሆኑ ይታያል፤ ዛሬ የሸፈነው ሳያንስ ነገ ሊያድስ የሚመጣውን ሰው ሥራ አበላሽቶበት ሄዷል።

ስንጥቅ ካለ ይጠግናል። ኤቢኤስ በአሴቶን ይሟሟል፤ ስለዚህ ከዚያው ዐይነት የተሰበረ ቁራጭ አሟሙቶ በሙጫ ፈንታ ይሞላበታል፤ ስንጥቁም በራሱ ሥጋ ይድናል። ፖሊፕሮፒሊንን ግን ተራ ሙጫ አይዘውም፤ በጋለ ብረት አቅልጦ ማጋጠም ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ማለስለሱ ይሄዳል። ልሙጥ የሆነውን ክፍል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከውኃ ጋር ያሸዋል። ቆዳ መሰል ሸካራ ንድፍ ያለበትን ግን በብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፤ ንድፉ አንዴ ከተፋቀ አይመለስምና። እርሱን በዕቃ ማጠቢያ ሸካራ ስፖንጅ ቀስ ብሎ ይዳብሰዋል።

ፖሊፕሮፒሊን ቀለም የማይቀበል እምቢተኛ ነውና ቀለምን ከፕላስቲክ የሚያያይዝ ልዩ የሥር ቀለም አስቀድሞ ይነፋበታል። ከሁሉ በኋላ ቀለሙ ይመጣል። ከጀርባው ባየው መልክ የተስማማ፣ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ነው። አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ስስ አድርጎ ይነፋል፤ ይጠብቃል፤ እንደገና ስስ አድርጎ ይነፋል። የችኩል ሰው ወፍራም ንፊት የቆዳውን ንድፍ ይደፍነዋል። በቀትር ፀሐይ አይሠራም፤ የበጋው ቀይ አቧራ በሚነሣበት ነፋስም አይሠራም። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ አፍና አፍንጫውን በትክክለኛ ጭምብል ሸፍኖ ይሠራል፤ የቀለሙ ትነት ሳንባ ይጎዳል። ከጨረሰ በኋላም ቀለሙ እስኪጠና ቀናት ይጠብቃል። በመጨረሻም ለባለቤቱ፣ ባለቤቱም ለሚገዛው ሰው፣ «ይህ ታድሷል» ብሎ ይናገራል። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከሥራው አንዷ ክፍል ናት፤ እርሷ ከቀረች ያ ሁሉ ማጠብና መታገሥ ይበልጥ የተዋጣለት ማታለል ሆኖ ይቀራል።

የብራና መጽሐፍን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ቀለሙ የደበዘዘን የጥንት ጽሑፍ የሚጠብቅ ሰው የፊደሉን አጣጣል፣ የመስመሩን ልክ፣ የቆዳውን ጠባይ ያጠናል፤ የጎደለውን ቢሞላ እንኳ የሞላውን ለይቶ ያሳውቃል። ብራናውን ፍቆ የራሱን የሚጽፍበት ሰው ግን ጠባቂ አይባልም። ልዩነቱ የቁሱ ዋጋ አይደለም። የፍየል ቆዳም ሆነ ኤቢኤስ፣ ሰው ከእርሱ በፊት ለተሠራው ሥራ ያለው አክብሮት የሚታይበት አንድ ዐይነት ፈተና ነው።

ተቃውሞዎች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ከቅኔ ወዳጆች ይመጣል። «መሸፈን እኮ ባህላችን ነው፤ የሰምና ወርቅ አገር አይደለም እንዴ?» ይሉ ይሆናል። ዋሸራና ጎንጅ በበቀሉበት ምድር ይህ ክርክር ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባውም። ሰም ወርቁን የሚሸፍነው እንዲቀልጥ ነው። ባለቅኔው ሰሙን ሲያበጅ ሰሚው እንዲደርስበት ፍንጭ ያኖራል፤ ወርቁ ሳይገኝ ከቀረ የከሰረው ራሱ ባለቅኔው ነው። የዳሽቦርዱ ለቅላቂ ደስታ ግን ማንም ሳይደርስበት ሲቀር ነው፤ ከሥር ያለው ነገር ከተገኘ ንግዱ ይፈርስበታል። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሰው ቅኔንም ገበያንም አላወቀም።

ሁለተኛው «ይህን ያህል ልፋት ለአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ? አውጥቶ መጣልና አዲስ መግጠም ነው» ይላል። ከየት አምጥቶ? ሠላሳና አርባ ዓመት ላለፈው ሞዴል የጋቢና ዕቃ እንደ ዘይት ማጣሪያ ከሱቅ የሚነሣ አይደለም። ተገኘ ቢባል ከሌላ አሮጌ መኪና የተነቀለ ይሆናል፤ እርሱም ያው ፀሐይ ያገኘው ነው። አዲስ መኪናስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወደ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሱን አክብዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ውሳኔዎቹን መደገፍም መንቀፍም ይቻላል፤ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና አክብሮ ማቆየት ግን ከዚያ ወዲህ የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ሦስተኛው በጽድቅ ስም የሚመጣ ነው። «ፕላስቲክ ምድርን እየገደለ አንተ ታወድሳለህ?» ይባላል። የመንገዱ ዳር በፌስታል ሲሞላ፣ ከብት ፌስታል በልቶ ሲሞት እኔም አያለሁ፤ ስስ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጽደቁ ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን ፌስታል ምድርን ያበላሸው ሰው ለአምስት ደቂቃ ተጠቅሞ የሚጥለው በመሆኑ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በመናቃችን ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ያገለገለውን የበር ሽፋን አጥቦና ጠግኖ ለሌላ አሥር ዓመት የሚያሰነብት ሰው ከዚህ ኀጢአት የራቀ ነው። ዕቃን «ፕላስቲክ ነው» ብሎ መናቅና ዕቃን መንገድ ዳር መወርወር ከአንድ ልብ የሚወጡ ናቸው።

አራተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ከጸሐፊዎች ወገን ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። «እንግዲያው ተዉት፤ የነጣው ይንጣ፣ የተሰነጠቀው ይሰንጠቅ፤ ዕድሜ ውበት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያ ጋቢና ውስጥ አይውልም። የተሰነጠቀ ሽፋን ክንድ ይቧጥጣል፤ ልብስ ይቀዳል፤ የላላ የበር ሽፋን በኮረኮንች መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል፤ የቦነነ ገጽ በላብ እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ሹፌሩ ከቤቱ ይልቅ የሚውለው እዚያ ነው። የሌላውን ሰው ችግር ከሩቅ እያዩ «ያምራል» ማለት የእንስራውን ሸክም ከማድነቅ የተለየ አይደለም። ሰው የሚውልበትን ሥፍራ ንጹሕና ደኅና ሆኖ ማየት መብቱ ነው። የምቃወመው ማሳመሩን አይደለም፤ ማሳመርን ስም አድርጎ መዋሸቱን ነው።

አሁን የቋንቋ ሰዎች ሁላችንን የሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ። ጋራዥ የራሱ የሆነ የበለጸገ ቋንቋ አለው። ከጣልያን ተወስደው አማርኛ የሆኑትን ብቻ ብንቆጥር ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ እያልን እንዘልቃለን። ብረት የሚቀጠቅጠው ባትላሜራ ይባላል፤ ወንበር የሚያለብሰው ታፒሴሪ ይባላል፤ የውጩን ገጽ የሚቀባው ቀለም ቀቢ ነው። የውስጡን ፕላስቲክ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ጠግኖ ወደ መልኩ የሚመልሰው ሰው ግን መጠሪያ የለውም። መጠሪያ የሌለው ሙያ ዋጋ አይወጣለትም። ባለንብረቱ «ያው ትንሽ ቀለም መንፋት አይደል?» ብሎ የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ሰዓት ዋጋ ይጠይቃል፤ ሠራተኛውም እንጀራው ነውና በአንድ ሰዓት ዋጋ የአንድ ሰዓት ሥራ ይሰጠዋል። ለቅላቂውን የወለደው የሠራተኛው ክፋት ብቻ አይደለም፤ የእኛም ንቀት አባትነት አለው።

ይህ ንቀት ደግሞ አዲስ አይደለም። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን እየሰደበ በሥራቸው የኖረ ኅብረተሰብ ነበርን፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት የነገሩ ክፋት ስለታያቸው ነው። ዛሬ ሸማኔውን በአደባባይ የሚሰድብ የተማረ ሰው የለም፤ ጥበቡንም በዓል በመጣ ቁጥር እንለብሳለን። ነገር ግን የዘመኑን ባለ እጅ፣ እጁ በላርጎና በአሴቶን የተላጠውን ወጣት፣ በሥራው ዕቃ ስም የምንሰድበው እኛው ነን። «ፕላስቲክ» ብለን በጻፍን ቁጥር ሥራህ ከሐሰት ጋር ነው እያልነው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከመኪና ባለቤቶች፣ ዳሽቦርዳችሁን ስታሳድሱ ተፈትቶ እንዲሠራ፣ በራሱ ቀለም እንዲሠራ፣ እንዳያብረቀርቅ፣ የሚገባውም ዋጋ እንዲከፈልበት፤ ስትሸጡም መታደሱን እንድትናገሩ። ከእናንተ ከብዕር ወዳጆቼ ደግሞ ቀለል ያለ ነገር ነው የምሻው። ሐሰትን መንቀፍ ስትፈልጉ ስሙን ጥሩት፤ ልብጥ በሉት፣ ቅብ በሉት፣ «ውስጡን ለቄስ» በሉት። አማርኛ ለውሸታም ቃል አያጣም። ፕላስቲኩን ግን ተዉት። እርሱ በመራዊ ፀሐይ ሥር አርባ ሚያዝያ ቆሞ የደረሰበትን ሁሉ በገጹ ላይ ጽፏል፤ ከመካከላችን ይህን ያህል ዘመን ያለ ሐሰት የጻፈ ካለ ፕላስቲክን ለመስደብ እርሱ ይቅደም።